ጓዳዋ ወደ መኪናው ነው

ወንድሜ አያ ማሩ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አረፈ። ጉበቱ ነው አሉ። በቀብሩ ማግስት ለቀስተኛው ቤታችን አልበቃ ብሎት ደጅ ተቀምጦ ሳለ ዝናብ መጣ። ያለ ወሩ የመጣ ዝናብ ነው። ሴቶቹ ወደ ውስጥ ተጣበው ገቡ። ቄሶቹ ግራና ቀኝ አዩና ግቢው ውስጥ ወደቆመችው ባለ ጎማ ቤት ገቡ።

የሙሽሮች ቤት ናት። አያ ማሩ በአሮጌ ፒካፕ እየጎተተ ከሰርግ ሰርግ የሚያዞራት፣ ግድግዳዋ ቆርቆሮ የሆነ፣ አልጋና ጠረጴዛ ያላት ነጭ ቤት። መስኮቷ ላይ ካለፈው የጥር ሰርግ የቀረ ቀይ ሪባን እንደታሰረ ነበር። ቄሶቹ እዚያ ተቀምጠው ሲደግሙ ድምፃቸው በቆርቆሮው እየሰፋ ይወጣል። ዝናቡ ጣራዋን ይመታል። እኔ ሳልሸሽ ቆሜ አያት ነበር። ትንሽ ቆይቶ የምትሄድ መሰለኝ። ማንም ሳይጎትታት፣ ቀስ ብላ፣ ቄሶቹን እንደያዘች በአጥሩ በኩል ወጥታ ወደ ደጋው የምትሄድ። ዓይኔን አሸሁት። እዚያው ናት።

እስካሁን አያ ማሩን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ፊቱ አይደለም። ቤት ሲሄድ ነው የሚታየኝ።

በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል። አባታችን ቀድሞ ስላለፈ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ግን እንዲህ ሲባል አይወድም። «እናትህ ናት ያሳደገችህ፤ እኔ ጫማ ነው የገዛሁልህ» ይላል። ረጅም ነበር። ጋቢና ሲገባ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ ከወረደም በኋላ አንገቱን ማቅናት ይረሳል። ስለዚህ ሲያዩት ሁልጊዜ ሰውን የሚያዳምጥ ይመስላል። ያዳምጥም ነበር።

ፒካፗ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። አምስት ኩንታል እንድትጭን የተሠራች ትንሽ መኪና ናት። ቀለሟ አመድማ ነው፤ በሬ ብትሆን ዳልቻ የምትባል ዓይነት። እሱም ዳልቻ አላት። ከኮላ ድባ ጤፍና ሽምብራ ወደ ጎንደር ስታመላልስ ኖራለች።

ቤቷን ያመጧት ፈረንጆች ናቸው። ሸምገል ያሉ ባልና ሚስት ነበሩ አሉ። ትልቅ መኪና ይዘው፣ ቤታቸውን ከኋላ እየጎተቱ፣ ብዙ አገር አልፈው እዚህ ሲደርሱ የመኪናቸው ሞተር ሞተ። መለዋወጫ ጠበቁ፤ ጠበቁ፤ በመጨረሻ በአውሮፕላን ተመለሱ። ቤቷ ያረፉበት ሆቴል ጓሮ ቀረች። ዶሮ ገባባት። አያ ማሩ ለሆቴሉ ባለቤት አንድ በጋ ሙሉ አሸዋና ድንጋይ አመላለሰለትና በድካሙ ፈንታ ቤቷን ወሰደ።

«ምን ልታደርጋት ነው?» አለችው እናታችን።

«እኔ እንጃ እማ። ግን ጎማ አላት። ጎማ ያለው ነገር ቆሞ ሲቀር ያሳዝነኛል።»

ብየዳ ቤት ወስዶ ለዳልቻ ከኋላዋ ጋንቾ አስበየደላት። ቤቷ የምትያያዝበት መንጠቆ ነው። በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ሳቀበት።

«ምነው አያ ማሩ! አምስት ኩንታል የምትጭን መኪና ቤት ልታስጎትት? ወገቧን ልትሰብራት ነው?»

«አትሸከማትም። ትመራታለች።»

መጀመሪያ በጎንደር ፒያሳ ሲያልፍ ከተማው ቆሞ አየው። የባጃጅ ልጆች አንዱ ከወዲያ አንዱ ከወዲህ ይጮሃሉ።

«አያ ማሩ! ከአከራይህ ተጣላህ እንዴ ቤቱን ይዘህ የወጣኸው?»

«አዎ!» ይላል በመስኮቱ ወጥቶ። «ጓሮውን ረስቼዋለሁ፤ እመለስበታለሁ!»

መኪና ከኋላው ቤት ካለው እንደ ሌላው አይታጠፍም። ሰፋ አድርጎ መዞር አለበት፤ አለዚያ የቤቷ ጎማ በአቋራጭ መጥቶ ጠርዙን ይወጣል፤ የሰው አጥር ይነካል። አያ ማሩ ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ስለ ሰው የሚያወራ ይመስላል። «ያለፍከው አንተ ነህ። እሷ ገና ናት። አንተ ስላለፍክ ነገሩ ያለቀ አይምሰልህ።» ቤቷን የሆነ ቦታ አቁሞ ለብቻው ሲመለስም ሰፋ አድርጎ ነው የሚዞረው። ስስቅበት፣ «እኔ አይደለሁም» ይላል መሪውን እየነካ። «ዳልቻ ናት። ቤቷ አሁንም ከኋላዋ ያለች ይመስላታል።»

የመጀመሪያው ሰርግ ጊዜ እኔ አልነበርኩም። ግን ደጋግሞ ስለነገረኝ ያየሁት ይመስለኛል።

ሙሽራው የኮላ ድባ ልጅ ነው። በእኛ ዘንድ ሙሽሮች ከሰርጉ በኋላ የሚሰነብቱበት ጫጉላ ቤት በወንዱ ወላጆች ግቢ ይሠራል። የልጁ አባት ግን ታሞ ከርሞ አልሠራለትም። ልጁ አፍሮ ወደ አያ ማሩ መጣ። «ያቺን ቤት» አለው፣ ሌላ አልጨመረም። አያ ማሩ ቤቷን አጠባት፤ እናታችን መጋረጃ ሰፋችላት፤ ከዳባት በላይ ወዳለው የሙሽራዋ አገር ይዟት ወጣ። ከዚያ ሙሽራዋን ከነጓዟ አምጥቶ ቤቷን ኮላ ድባ ሊያቆማት ነው።

የሙሽራዋ አባት አያ ደረሰ ይባላል። ገበሬ ነው፤ ደግ ሰው። ቤቷን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «ሸጋ ናት» አለ። «እውነትም ቤት ናት።» ከዚያ ዘመድ የሰጠው ሁሉ ይገባ ጀመር። ገብስ በጆንያ፣ ማር በእንስራ፣ የብረት ድስት፣ ወፍጮ ድንጋይ ሳይቀር። ሁሉም የት ገባ? በስተኋላ ጥግ። ቤት ነው እንጂ! ቤት ፊት አለው፤ ጓዳ አለው። ፊቷ በመኪናው በኩል ነው፤ ስለዚህ ጓዳዋ በወዲያ። እህል ጓዳ ይገባል። ማንም አላዘዘም፤ ማንም አልተማከረም። አያ ማሩ ያያል። ልክ እንዳልሆነ ያውቃል፤ የምትጎተት ቤት ኋላዋ ከከበደ ትዋልላለች። ግን የሰው ስጦታ ሲገባ «እዚያ አታስቀምጡ» ማለት ከበደው። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል።

ኮሶዬ ላይ መንገዱ ቁልቁል ሲሆን ቤቷ ጭራዋን ትቆላ ጀመር። መጀመሪያ ትንሽ። ከዚያ ግራ ስትሄድ ዳልቻን ቀኝ ትስባለች፤ ቀኝ ስትሄድ ግራ። ሙሽሮቹ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ናቸው። ሙሽራዋ የእመቤታችንን ስም ትጠራለች። ፍሬን ቢረግጥ ትገለብጠዋለች፤ መሪውን ቢታገል ትገለብጠዋለች። እግሩን ከነዳጁ አነሳ። መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ። ከዚያ ጠበቀ። «ተቆጥታለች» ይለኛል ሲነግረኝ፣ «የተቆጣን ሰው ዝም ብለህ ቀጥ ብለህ ትጠብቀዋለህ።» ቀስ በቀስ አዘገመች፤ መቁላቷ አነሰ፤ ቆመች።

ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሳቀ። ሙሽራው ከጋቢና ወርዶ፣ «ምን ያስቅሃል?» አለው።

«ቤት ናት ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለ። «ቤት ከሆነች ጓዳ ሊኖራት ነው። ጓዳዋን ሳልነግራቸው!»

ሁለቱ ወንዶች ጆንያውንና ወፍጮውን ሁሉ ወደ ፊት፣ ወደ ዳልቻ በኩል አመጡት። ከዚያ ወዲያ ጸጥ ብላ ወረደች።

ከዚያ በኋላ የቤቷን መጋረጃ ለወጠው። ጓዳን ከእልፍኝ የሚለይ ዓይነት ወፍራም መጋረጃ በፊተኛው ጫፍ ሰቀለ። በየሰርጉ ሲደርስ ማንም ምንም ሳይጭን ኮፍያውን አውልቆ ይናገራል፦ «የዚች ቤት ጓዳዋ ወደ መኪናው ነው።» በዚያው በአያ ደረሰ አገር በሌላ ሰርግ አንዲት ባልቴት ተከራከሩት። ይህን እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ምነው ልጄ! ጓዳ በፊት ሆኖ እንግዳ በየት ሊገባ?»

«በጎን ይገባል እማማ። በሩ በጎን ነው።»

«በጎን የሚገባማ ሌባ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን የእማማን እንስራ ተቀብሎ በሁለት እጁ ይዞ ገባ፤ መጋረጃውን ገልጦ አስቀመጠላቸው። «እዩት፣ ተሸሽጓል። ከዚህ የበለጠ ጓዳ ከየት ይምጣ?» ባልቴቷ አንገታቸውን አስገብተው አዩ። «እንግዲያስ አትሙላው» አሉ፣ የተሸነፉ ላለመምሰል። «ልክ ብለዋል» አላቸው። ከምሩ ነው። ጓዳውም ከመጠን ካለፈ ዳልቻ በኋላ እግሯ ትንበረከካለች፤ የፊት መብራቷ ወደ ሰማይ ያያል። «ኮከብ መቁጠር ጀመረች» ይላል ያን ጊዜ፣ እና ከጆንያው አንዱን ያስወርዳል።

ሌላ ደግሞ ቤቷ ስትሄድ ሰው አይገባባትም የሚል ሕግ ነበረው። ለማንም አይፈታውም። ይህን ስል አንድ መነኩሴ ትዝ ይሉኛል።

ክረምት መግቢያ ላይ ከአምባ ጊዮርጊስ ባዶዋን ይዘናት እንመለስ ነበር። ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም። ስፖኪዮው ውስጥ ቤቷ አንዴ ትጠፋለች፤ አንዴ ነጭ ሆና ትመጣለች። አንድ ገበሬ ከማሳው ዳር ቆሞ ሲያየን አማተበ። ዳልቻ በጉሙ ውስጥ አልታየችው ይሆናል፤ ቤት ብቻውን ሲሄድ ነው ያየው። አያ ማሩም አማተበለት። ትንሽ አለፍ ስንል አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በበትራቸው ተደግፈው ቆመዋል። ቆምንላቸው። እግራቸው አብጧል። ጋቢና እንዳይቀመጡ ጉልበታቸውን ማጠፍ አልቻሉም።

«በዚያች ልተኛባት» አሉ ቤቷን በበትራቸው እያሳዩ።

«አባ፣ ስትሄድ ሰው አይገባባትም።»

«እንግዲያ ሂዱ ልጆቼ። እግዜር ይስጣችሁ።»

አያ ማሩ አልሄደም። ዳልቻን ከመንገድ አውጥቶ አቆማት። ሞተሩን አጠፋ። በሩን ከፈተላቸው። «ስትቆም ግን ይገባባታል» አላቸው። መነኩሴው ገብተው ተኙ። እኛ ጋቢና ውስጥ ተቀመጥን። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ። ጉሙ ተገለጠ፣ ተመለሰ። እኔ ፒያሳ የምሠራበት ሱቅ ይጠብቀኛል፤ ስልኬ ይጮሃል። እሱ አንገቱን ሰብሮ ዝናቡን ያያል። ሲነቁ የእግራቸው እብጠት ትንሽ ጎድሎላቸው ነበር። ጋቢና ገቡ፤ ገዳማቸው ያለበት አምባ ሥር አወረድናቸው። ሲመርቁን ምን እንዳሉን አላስታውስም። እኔ የማስታውሰው ዝናቡን ነው። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ከእሱ ጋር ዝም ብዬ የተቀመጥኩበት ሌላ ቀን የለም።

አንድ ልማዱ ቀረኝ። ይህን መናገር አለብኝ፤ ኋላ የሚመጣው ያለ እሱ አይገባም።

ከመነሳቱ በፊት ጋንቾውን በእግሩ ነካ ያደርጋል፤ ሰንሰለቱን ይስባል፤ የኋላ መብራቷን ያያል። በመጨረሻ ግድግዳዋን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ ላም እንደሚያረጋጋ ሰው። ከዚያ ጆሮውን አዘንብሎ ይቆማል።

«ምን ትሰማለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«መልስ።»

ነገሩ ከመጀመሪያው ሰርግ የመጣ ነው። ያን ቀን ሊነሳ ሲል እንዲሁ በሆዱ ደስ ብሎት ቤቷን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጋት። ከውስጥ ሁለት ጊዜ ተመለሰለት። ደነገጠ። በሩን ሲከፍት የአያ ደረሰ ትንሿ ልጅ፣ ትርንጎ፣ አልጋው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። እህቷን ተከትላ ልትሄድ ነው። ሰዎቹ ሊቆጧት መጡ። አያ ማሩ ግን ደፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ምነው ትርንጎ?»

«ከቤቷ ጋራ ልሂድ።»

«ዛሬ ተራው የእህትሽ ነው። ያንቺ ተራ ሲደርስ ይቺው ራሷ መጥታ ትወስድሻለች።»

«ማን ያመጣታል?»

«እኔ ነኛ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

ያን ጊዜ ወረደች። እሱም ከዚያ ወዲህ ሳያንኳኳና ሳያዳምጥ ተነስቶ አያውቅም።

ትርንጎ አድጋ ዳባት መምህርት ሆነች። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ተቆርጦላታል። የእሷም ባል እንደ እህቷ ባል የኮላ ድባ ልጅ ነው። አያ ማሩ አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ፣ «የትርንጎን አትርሱ» ይል ነበር፤ የኋላ ጎማዋ መቀየር እንዳለበት ይናገራል፤ ከዚያ ያንቀላፋል።

አርባው ካለፈ በኋላ አያ ደረሰ ከደጋ ሊያስተዛዝነን መጣ። ለቅሶ ላይ ታሞ አልደረሰም። ጋቢውን አጣፍቶ ተቀመጠ፤ አለቀሰ፤ ስለ ሰርግ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲወጣ ግን ግቢው ውስጥ ቤቷ አጠገብ ቆመ። እጁን ግድግዳዋ ላይ አሳረፈ። እናታችን ከበር ላይ አየችው።

«አያ ደረሰ። የትርንጎ መቼ ነው?»

«ተይው እታለም። ለቅሶ ቤት መጥቼ ሰርግ አላወራም። በሚኒባስ ትሄዳለች። ልጆቹም ተስማምተዋል።»

«እሷስ?»

አያ ደረሰ እጁን ከግድግዳዋ ላይ አነሳና፣ «እሷማ ታለቅሳለች» አለ።

እናታችን ነጠላዋን ጥቁር አስነክራ ነበር የለበሰችው። እኔም ጥቁር ለብሻለሁ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሰርግ ቤት አይገባም፤ አያ ደረሰም ያውቃል፤ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። አዘዞ ያለ አንድ ነጋዴ ቤቷን ገዝቶ፣ ጎማዋን አውልቆ፣ መንገድ ዳር ሱቅ ሊያደርጋት በተደጋጋሚ ደውሏል። እናታችን እሺም እምቢም አላለችም ነበር። እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ዳልቻን እነዳለሁ። ቤቷን ግን ከፒያሳ አዘዞ ካልሆነ ጎትቻት አላውቅም። ኮሶዬን ከእሷ ጋር መውረድ አያ ማሩ አንድ ቀንም አልፈቀደልኝም። «ገና ነህ» ይለኛል።

«ቃል የገባው ልጄ ነው» አለች እናታችን። «ይሄ ልጅ ይወስዳታል።»

«እማ…»

«ካልቻልክ አትችልም። ያን ጊዜ የአዘዞው ሰውዬ ይውሰዳት። ቆማ ከምታየኝ ትሂድ።» ወደ እኔ አላየችም። ቤቷን ነበር የምታየው።

የኋላ ጎማዋን ቀየርኩ። የሚነካውን ሁሉ ነካሁ፤ የሚሳበውን ሳብኩ። በሰርጉ ዋዜማ ጠዋት ወጣሁ። ባዶ ስለሆነች ዳገቱ ላይ አልከበደችም። ዳልቻ ኮሶዬ አናት ላይ ራዲያተሯ ፈላ፤ ቆሜ አቀዘቀዝኳት፤ ውሃ ጨመርኩ። ጉም ነበር። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ መንገዱን ያቋርጥና በወዲያ ይወርዳል። የአስታው ዛፍ በጉሙ ውስጥ የቆመ ሰው ይመስላል። አንድ ጊዜማ አንገቱን ሰበር አድርጎ የቆመ ረጅም ሰው አየሁ። ዛፍ ነው። አውቄዋለሁ፣ ግን እስኪገለጥ ጠበቅኩት።

ሰርጉ ቤት ልደርስ ስል እልልታው ከሩቅ ይሰማል። እየቀረብኩ ስመጣ ሴቶቹ ዳልቻን አዩዋት፤ ጥቁር ልብሴን አዩ፤ እልልታው ተቆረጠ። ዳሱ ውስጥ አልገባሁም። አያ ደረሰ ምግቤን ዳልቻ አጠገብ አስመጣልኝና አብሮኝ ተቀምጦ በላ። የገዛ ልጁ ሰርግ ነው፤ ከእኔ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በላ። አደርኩ። በማግስቱ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር መጣ፤ ተዘፈነ፤ ተመረቀ። ከዚያ ጭነቱ ደረሰ።

ያን ሰዓት ፈርቼው ነበር። ኮፍያዬን አውልቄ መናገር አለብኝ፤ እነሱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔ ጥቁር የለበስኩ ልጅ ነኝ። ቃሉን በሆዴ እያዘጋጀሁ ሳለ ከሕዝቡ መካከል የሚያቃጭል ድምፅ ወጣ።

«ወደ መኪናው! ወደ መኪናው! ጓዳዋ ወዲያ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!»

እኚያ ባልቴት ናቸው። አርጅተዋል፤ በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈዋል። ጎረምሶቹ ጆንያውን ተሸክመው በጎን ገቡ፤ ወደ ፊት፤ መጋረጃውን ገለጡ። ባልቴቷ ደጅ ቆመው፣ «ማሩ ምን ብሏል?» ይላሉ። «እንስራ ወደ ግድግዳ! ቀስ!» ማንም አልሳቀም። ሁሉም ልክ አያ ማሩ በነገራቸው መንገድ አደረጉት፤ ቆሞ የሚያያቸው ይመስል። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ከፊት ዞሮ የዳልቻን መብራት ጎንበስ ብሎ አየ።

«በቃ፣ በቃ! ኮከብ መቁጠር ጀመረች!»

አንድ ጆንያ አወረዱ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ሙሽሮቹ ጋቢና ገቡ። ትርንጎ መካከል ነበረች። ዓይነ ርግቧን ገልጣ አየችኝ። ቁልፉን አዞርኩ።

«አላንኳኳህም» አለች።

ወረድኩ። ዞርኩ። ግድግዳዋን በመዳፌ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግኳት። ጆሮዬን አዘነበልኩ። ምንም አልተመለሰም። ምን ሊመለስ? ግን እስኪበቃኝ አዳመጥኩ። ገብቼ ሄድኩ።

ኮሶዬ ቁልቁለቱ ላይ በከባድ ማርሽ ነበርኩ። ከታች አንድ አውቶቡስ እየበረረ መጣና በአጠገባችን አለፈ። ነፋሱ ቤቷን መታት። ጭራዋን ቆላች። መሪው በእጄ ውስጥ ተወራጨ። ሙሽራው፣ «ፍሬን!» አለ። ትርንጎ እጁን ያዘችው። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ከዚያ ጠበቅኩ። አንዴ ግራ ሄደች፤ አንዴ ቀኝ። ከዚያ ትንሽ። ከዚያ ከኋላዬ መኖሯ ሳይሰማኝ ተከተለችኝ። በስፖኪዮ ሳያት ጉሙን ጥላ ወጥታለች፤ ሪባኗ ይውለበለባል።

ኮላ ድባ ከሙሽራው ቤት ደጅ ካለው ዋርካ ሥር አቆምኳት። ጎማዋን በድንጋይ አስደገፍኩ፤ ከዳልቻ ፈታኋት። የሙሽራው ዘመዶች እልል እያሉ ሲመጡ ፈቀቅ ብዬ ለእናቴ ደወልኩ።

«ሄደች?» አለች ብቻ።

«ሄደች እማ።»

«የአዘዞው ሰውዬ ሌላ ይፈልግ» አለችና ዘጋችው።

ለብቻዬ ተመለስኩ። ዳልቻ ቀልላለች። ሜዳው ላይ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ዘንበል ብላ ነበር። ስፖኪዮውን ደጋግሜ አያለሁ፤ ባዶ መንገድ ነው ያለው። አዘዞ ደርሼ ወደ ጎንደር ስታጠፍ፣ ሳላስበው ሰፋ አድርጌ ዞርኩ። መንገዱን በሙሉ ያዝኩት። ከጎኔ አንድ የባጃጅ ልጅ ለመቆም ተገደደና አንገቱን አወጣ።

«ኧረ ወንድም! ምነው እንዲህ ትዞራለህ? ከኋላህ ምንም የለም እኮ!»

«አለ» አልኩት።